ለተሳቢ እንስሳት የሚረቡ ነፍሳትን በምን እንመግብ? በጅማ ገበያ የሚገኙ አትክልቶች ሲነጻጸሩ

እስስት፣ ገበሎ ወይም ሌላ ነፍሳት በል ተሳቢ እንስሳ የሚያኖር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ለእንስሳው እንጂ ለፌንጣው አይደለም። ነገር ግን ፌንጣው ዛሬ የበላው ቅጠል ነገ ከፌንጣው ጋር አብሮ ወደ እንስሳው ሆድ ይገባል፤ ቅጠሉ ጥሩ ከሆነ እንስሳው ይጠቀማል፣ መርዝ ከያዘ ደግሞ መጀመሪያ ፌንጣው፣ ቀጥሎም እንስሳው ይጎዳል። በሰው ማዕድ ላይ ደህና የሆነ ጎመን ለፌንጣ ሣጥን ደህና ላይሆን የሚችልበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ፀረ ተባይ መድኃኒት የሚሠራው ነፍሳትን ለመግደል ስለሆነ፣ በቅጠሉ ላይ የቀረው መጠን 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከቁጥር የማይገባ ቢሆንም እንኳ ግማሽ ግራም ለማይሞላ ፌንጣ ገዳይ ሊሆን ይችላል።

ይህ ንጽጽር የተዘጋጀው ጅማና አካባቢዋ ሆነው ማታ ማታ የሚጮኸውን ፌንጣ፣ ወይም በፉርሽካ ውስጥ የሚያድገውን የዱቄት ትል፣ ማለትም የጥቁር ጢንዚዛ እጭን፣ ለእንስሳት ቀለብ ለሚያረቡ ሰዎች ነው። (እስስትም ሆነ ኤሊ ከዱር ይዞ ማኖር ሕጋዊ ፈቃድ የሚጠይቅ መሆኑን አስቀድሞ ማሳሰብ ይገባል፤ ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ቀለቡን ብቻ ነው።) የእኔ አቋም የአትክልቱ ዓይነት ሁለተኛ ጥያቄ ነው የሚል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ አትክልቱን ማን አበቀለው፣ የት አበቀለው፣ በምን ውኃ አጠጣው የሚለው ነው። ጎመን ከካሮት ይሻላል ወይስ ካሮት ከጎመን ይሻላል እያሉ ከመከራከር በፊት ይህ ሊመለስ ይገባል።

ምንጩን ማወዳደር

ከሁሉም የሚበልጠው የራስ ጓሮ ነው። ጅማ ዝናቧ የበዛና አፈሯ ለም ስለሆነ፣ ከቤት ጀርባ ባለ ትንሽ መደብ ላይ የተተከለ ጎመንና የስኳር ድንች ሐረግ ለሁለትና ለሦስት የፌንጣ ሣጥን የሚበቃ ቅጠል ይሰጣል። ጓሮ የሚመረጠው ግን ባለቤቱ ምን እንደተረጨበት ስለሚያውቅ እንጂ ጓሮ በመሆኑ ብቻ አይደለም። ለትንኝ ወይም ለበረሮ ተብሎ በቤት ውስጥ የሚረጨው መድኃኒት በመስኮት ወጥቶ በቅርብ ያለ ቅጠል ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ የጎረቤት ጫት ሲረጭም ነፋስ አጥር አይገድበውም። ስለዚህ ለነፍሳት የሚተከለው ቅጠል ከቤቱ ግድግዳና ከጫት አጥር ራቅ ያለ ቦታ ቢያገኝ ይመረጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው በስም የሚታወቅ ገበሬ ነው። በሐሙስ ገበያ ከማና፣ ከቀርሳ፣ ከሰቃ ጮቆርሳና ከዴዶ በኩል ብዙ አትክልት ወደ ከተማው ይገባል፤ ከሻጮቹም መካከል የራሳቸውን ምርት ይዘው የሚመጡ አሉ፣ ከሌላ ተረክበው የሚቸረችሩም አሉ። ለእኛ ጉዳይ የመጀመሪያዎቹ በብዙ ይበልጣሉ፤ ምክንያቱም የሚጠየቅ ሰው ያለው በእነሱ ዘንድ ነው። ይሁን እንጂ ጥያቄው እንዴት እንደሚቀርብ ማወቅ ያስፈልጋል። «መድኃኒት ረጭተዋል?» ብሎ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ «ኧረ በጭራሽ!» የሚል ብቻ ነው። ይልቁንም «እናቴ፣ ጎመኑን ትል ሲገባበት ምን ያደርጉለታል?» ብሎ መጠየቅ ወደ እውነቱ ያደርሳል። «አመድ እበትንበታለሁ፣ ሲብስም ቅጠሉን እቆርጣለሁ ልጄ» ያሉት እናትና «ከሱቅ መድኃኒት አምጥተን በሳምንት አንዴ እንረጫለን» ያሉት እናት ሁለቱም በቅንነት ነው የመለሱት፤ የሁለቱ እስር ጎመን ግን ለፌንጣ ሣጥን እኩል አይደለም። አንድ ተጨማሪ ምልክት ልጥቀስ። በጅማ ዞን ንብ ማነብ የተለመደ ነው፤ በማሳው ዳር ቀፎ የሰቀለ ገበሬ የሚረጨውን ነገርና የሚረጭበትን ሰዓት ከሌላው ይበልጥ ይጠነቀቃል፣ መድኃኒቱ ንቡን እንደሚጨርስበት ያውቃልና። እኔ ምርጫ ሳገኝ ወደ እንደዚህ ዓይነቱ ገበሬ አደላለሁ።

ከስምጥ ሸለቆ የመስኖ እርሻዎች በመኪና ተጭኖ የሚመጣው ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን ሦስተኛውን ቦታ ይይዛል። በሰፊው የሚመረት አትክልት በተባይና በበሽታ እንዳይጠፋ ደጋግሞ መረጨቱ የታወቀ ነው፤ ገዢውም ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማው ስንት ቀን እንዳለፈ ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ የለውም።

በመጨረሻ የማስቀምጠው በአዌቱ ውኃ የሚጠጣውን አትክልት ነው። አዌቱ የጅማን ከተማ መሃል ለመሃል አቋርጦ ስለሚያልፍ የከተማውን ፍሳሽ ይዞ ይሄዳል፤ በበጋ ውኃው ሲያንስ ቆሻሻው ይበልጥ ይጎላል። በእንዲህ ያለ ውኃ የበቀለ ቅጠል ጀርሞችን በላዩ ሊይዝ፣ ሥሩም ከአፈሩ ከባድ ብረቶችን፣ ማለትም እንደ እርሳስ ያሉ መርዛማ ብረቶችን፣ ሊስብ ይችላል፤ ከባድ ብረት ደግሞ በእጥበት የሚወገድ ነገር አይደለም። ቅጠሉ የቱንም ያህል ለምለምና ርካሽ ቢሆን ለቀለብ ነፍሳት ባይገዛ ይሻላል።

ቅጠላ ቅጠል፦ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጥቅል ጎመን

ምንጩ ከታወቀ በኋላ ነው ዓይነቱን መምረጥ የሚቻለው። እዚህ ላይ የሚወስነው የካልሲየምና የፎስፈረስ ምጥጥን ነው። ፌንጣም ሆነ የዱቄት ትል በተፈጥሮው ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሲሆን፣ ተሳቢ እንስሳት ግን የሚያስፈልጋቸው ቢያንስ እኩል፣ ቢቻል ካልሲየሙ ሁለት እጥፍ የሆነበት ምግብ ነው። ይህ ሳይሟላ ሲቀር እንስሳው ካልሲየሙን ከራሱ አጥንት መውሰድ ይጀምራል፤ መንጋጋው ይለሰልሳል፣ እግሩ ይጎብጣል። ነፍሳቱን ለእንስሳው ከመስጠት በፊት ባሉት ከ24 እስከ 48 ሰዓታት ውስጥ ጥሩ ቅጠል ማጥገብ የሚመከረው በሆዳቸው የያዙት ምግብ ለእንስሳው እንዲተርፍ ነው። ይህ የካልሲየም ዱቄት ነስንሶ መስጠትን አይተካም፤ ያግዘዋል እንጂ።

በዚህ መለኪያ ጎመንን የሚስተካከለው የለም። ረጅም አገዳ ላይ የሚወጣውና ቅጠሉ እየተቀነጠሰ የሚበላው ጎመን በ100 ግራም ጥሬ ቅጠል ወደ 230 ሚሊግራም ካልሲየም ሲይዝ፣ ፎስፈረሱ 25 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። ጥቅል ጎመን በተቃራኒው 40 ሚሊግራም ያህል ካልሲየምና 26 ሚሊግራም ያህል ፎስፈረስ አለው፤ መጥፎ አይደለም፣ ግን ከጎመን ጋር የሚወዳደር አይደለም። ጥቅል ጎመን ጥሩ የሚሆነው በአንድ ሌላ ነገር ነው፤ የላይኞቹ ሁለትና ሦስት ቅጠሎች ተነሥተው ሲጣሉ የላይ ላይ መድኃኒቱ አብዛኛው አብሮ ይሄዳል። ይህ ጥቅም ግን በተክሉ ውስጥ ሰርጎ በሚሠራ መድኃኒት ላይ አይሠራም።

ቆስጣ ብዙዎችን ያታልላል። ጥቁር አረንጓዴ ስለሆነ የበለጸገ ይመስላል፤ በውስጡ ያለው ኦክሳሌት ግን ካልሲየሙን አስሮ ስለሚይዘው ለእንስሳው የሚደርሰው ጥቂት ነው። የቀይ ሥር ቅጠልም እንዲሁ ነው፤ በጓሮና በማሳ ዳር በራሱ የሚበቅለው አሉማም ካልሲየሙ ከፍተኛ ቢሆንም ኦክሳሌቱም ከፍተኛ ነው። እነዚህን አልፎ አልፎ ከሌላ ጋር ቀላቅሎ መስጠት አይጎዳም፤ ዋና ቀለብ ማድረግ ግን አይገባም። የጎደሬን ቅጠል ጥሬውን ጨርሶ አልመክርም፤ በውስጡ ያሉት መርፌ መሰል የኦክሳሌት ቅንጣቶች አፍና ጉሮሮ የሚያሳክኩ ናቸው።

ሰላጣ ውኃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ከመቶው 95 እጅ ገደማው ውኃ ነው። ለጠማቸው ፌንጣዎች ይረዳል፣ ለሌላ አይረዳም። በዚያ ላይ ቅጠሉ ስስና ውስጡ የተሸበሸበ ስለሆነ የተረጨበት ነገር በእጥፋቱ ይደበቃል፣ ብዙ ጊዜም በወንዝ ዳር የሚበቅል ነው። ከቅጠላ ቅጠሎች ሁሉ መጨረሻ ላይ የማስቀምጠው እሱን ነው። የሽፈራው ቅጠል ከታመነ ሰው ሲገኝ ግን ደርቆ ተፈጭቶም ቢሆን ከፉርሽካ ጋር ጥቂት ጥቂት እየቀላቀሉ መስጠት ትልቅ ጥቅም አለው፤ ካልሲየሙ እጅግ ከፍተኛ ነው።

ሥራ ሥርና ዱባ

የዱቄት ትል ውኃ በሳህን አይቀመጥለትም፤ ፉርሽካውን ያረጥበዋል፣ ይሻግተዋልም። እርጥበቱን የሚያገኘው ከሚቆረጥለት አትክልት ስለሆነ፣ ለእሱ የሚመረጠው በቶሎ የማይበሰብስ ነው። እዚህ ላይ ካሮት ያሸንፋል። ተልጦ በጣት ውፍረት የተቆረጠ ካሮት ሲቆይ ከመበስበስ ይልቅ ይደርቃል፤ ካልሲየሙና ፎስፈረሱ ተቀራራቢ ነው፤ ለእንስሳው ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጠውን ቤታ ካሮቲንም ይዟል። ከአፈር ውስጥ የሚወጣ እንደመሆኑ ከላይ የሚረጨው መድኃኒት በቀጥታ አያርፍበትም፤ የቀረውም በልጣጩ ላይ ስለሚያይል መላጡ ብዙ ይጠቅማል።

ድንች እርጥበት ለመስጠት ያገለግላል፤ ነገር ግን ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ ወደ አምስት እጥፍ ስለሚጠጋ ትሎቹን ለማራባት እንጂ ለእንስሳው ከመስጠት በፊት ላለው ማጥገቢያ አይሆንም። ፀሐይ መትቶት የአረንገደና ቡቃያ ያወጣ ድንች ሶላኒን የተባለውን መርዝ ስለሚይዝ ይጣላል። በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ የድንችና የቲማቲም ማሳ ለዋግ መከላከያ ተብሎ ደጋግሞ ሊረጭ እንደሚችል ማስታወስም ያስፈልጋል። ስኳር ድንች ከድንች ይሻላል፤ በተለይ ሥጋው ብርቱካናማ የሆነው በቤታ ካሮቲን ከነጩ እጅግ ይበልጣል። ሐረጉን ለተከለ ሰው ደግሞ ቅጠሉም የሚበላ ነው፤ የድንችና የቲማቲም ቅጠል ግን መርዛማ ስለሆነ ከዚህ ጋር መምታታት የለበትም።

ዱባ ወፍራም ልጣጭ ስላለው ከደህንነት አንጻር ከጠንካሮቹ አንዱ ነው፤ ከተቆረጠ በኋላ ግን በቶሎ ስለሚሻግት ፌንጣ በሚበዛበት ሣጥን እንጂ ቁጥራቸው ባነሰበት አይመከርም።

ፍራፍሬና ፈጽሞ የማይሰጡት

ፓፓያ ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ ሁለት እጥፍ ገደማ ስለሆነና ስለሚላጥ ከፍራፍሬዎች መጀመሪያ ይመጣል። ብርቱካንም ከተላጠ በኋላ ለፌንጣ ጥሩ የውኃ ምንጭ ነው። ሙዝና ማንጎ ስኳራቸው ብዙ ነው፤ ትናንሽ ዝንቦችን ይጠራሉ፤ ሙዝ ደግሞ ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ በብዙ ይበልጣል።

አቮካዶ በጅማ እንደልብ የሚገኝና ርካሽ መሆኑ ሊያሳስተን አይገባም። በውስጡ ያለው ፐርሲን የተባለ ንጥረ ነገር ለወፎችና ለተለያዩ እንስሳት መርዝ መሆኑ የታወቀ ስለሆነ፣ በፌንጣ ሆድ በኩል ወደ እንስሳችን እንዲደርስ መፍቀድ አያስፈልግም። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያም አይሰጡም።

በጅማ ሁለት ነገሮች በነፃ ስለሚገኙ ሰው እጁን ይዘረጋባቸዋል። አንዱ የጫት ገራባ ነው። ፍየል ይበላዋልና ለፌንጣም ይሆናል የሚል ግምት አለ፤ ጫት ግን በራሱ አነቃቂ ንጥረ ነገር ከመያዙም በላይ ቅጠሉ እንዲያምር ሲባል በፀረ ተባይ የሚረጭ ሰብል ነው። ሁለተኛው ከመፈልፈያ የሚወጣው የቡና ገለፈት ነው። በውስጡ የሚቀረው ካፌይን ቡናው ራሱን ከነፍሳት የሚከላከልበት መርዝ ስለሆነ፣ ለነፍሳት ቀለብ ማድረጉ ከጅምሩ የተሳሳተ ነው።

ቅጠሉን በቅርብ ማየት

የተገዛው ጎመን ቤት ሲደርስ ቅጠሉን ገልብጦ ማየት ጥሩ ነው። የተረጨ መድኃኒት ሲደርቅ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች ይተዋል፤ እነዚህ ነጠብጣቦች የሚበዙት ውኃ በሚያቁርበት ቦታ፣ በመሃል ጅማቱ ዳርና ቅጠሉ ከአገዳው በሚጋጠምበት ጎድጓዳ ላይ ነው። በጣት ሲታሹ እንደ ዱቄት የሚለቁ ከሆነ፣ ወይም ቅጠሉ ሲታሽ የጎመን ያልሆነ ሽታ ከሰጠ፣ ለሣጥኑ አይሁን። ትል የበሳው ቅጠል በተቃራኒው መጥፎ ምልክት አይደለም፤ ነፍሳት በቅርቡ ከቅጠሉ በልተው መኖራቸውን ያሳያል። ሆኖም ርጭቱ ቀዳዳው ከተፈጠረ በኋላ የመጣ ሊሆን ስለሚችል ቀዳዳ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

በማጠቢያ ዘዴዎች መካከል ያለው ልዩነትም መታወቅ አለበት። በሚፈስ ውኃ እየታሸ የታጠበ ቅጠል ከተነከረው ይሻላል። ከዚያ የሚበልጠው ቤኪንግ ሶዳ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፖም ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ በአንድ ሊትር ውኃ 10 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ተበጥብጦ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ሲነከርበት በልጣጩ ላይ የነበሩትን ሁለት መድኃኒቶች ከተራ ውኃ በተሻለ ማስወገዱ ታይቷል። 10 ግራም ማለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። በዚያው ሙከራ የአንዱ መድኃኒት ከፊሉ ወደ ልጣጩ ውስጥ ሰርጎ ስለገባ በእጥበት አልወጣም፤ ይህ ለእኛ ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ነው። እንደ ኢሚዳክሎፕሪድና ዳይሜቶዬት ያሉት ፀረ ተባዮች በተክሉ ውስጥ ከውኃው ጋር የሚዘዋወሩ ስለሆኑ ማንኛውም ማጠቢያ አያገኛቸውም። ምንጭ ከእጥበት ይቀድማል የምለውም ለዚህ ነው። ሳሙናና በረኪና ራሳቸው ቀሪ ስለሚተዉ አይመከሩም። ከታጠበ በኋላ ቅጠሉ በንጹሕ ጨርቅ ተንጠፍጥፎ መድረቅ አለበት፤ ገና የተፈለፈሉ ፌንጣዎች በአንዲት የውኃ ጠብታ ይሰምጣሉ።

የሙከራ ማሰሮ

አዲስ ምንጭ በተገኘ ቁጥር፣ የሚታወቀውም ገበሬ አዲስ ምርት ባመጣ ቁጥር፣ ከመንጋው አሥር ያህል ፌንጣዎችን ለይቶ ክዳኑ በተበሳ ማሰሮ አስቀምጦ ያንን ቅጠል ብቻ መስጠትና እስከ 48 ሰዓት መጠበቅ ከሁሉም ጥንቃቄ ይበልጣል። ለወጣት ፌንጣዎች ቅድሚያ ይሰጥ፤ እነሱ ከትልልቆቹ ይልቅ ለመርዝ ስሱ ናቸው። በጎን ሌላ ማሰሮ ከጓሮ በተቆረጠ ቅጠል እየተመገበ ቢቀመጥ፣ ሞት ሲመጣ ከቅጠሉ ይሁን ከሙቀት ወይም ከእርጅና ለመለየት ያስችላል።

የተመረዘ ፌንጣ ወዲያው አይሞትም። መጀመሪያ ሲዘል ይሳሳታል፤ የኋላ እግሮቹ ተዘርግተው ይንቀጠቀጣሉ፤ ከዚያ በጀርባው ይገለበጥና እግሮቹን እያወራጨ ለሰዓታት ይቆያል። ይህ የሚሆነው በብዛት የሚረጩት መድኃኒቶች የነርቭ መልእክት እንዳይቆም ስለሚያደርጉ ነው፤ ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት መልእክቱን የሚያጠፋውን ኢንዛይም ያግዳሉ፣ ፓይሬትሮይድ የሚባሉት ደግሞ በነርቩ ላይ ያሉትን የሶዲየም በሮች ክፍት ያደርጋሉ። ሙከራው ድክመት አለው። የሚያሳየው ፈጣን መመረዝን ብቻ ነው፤ የፈንገስ መድኃኒትንና ከባድ ብረትን አያሳይም። ስለዚህ የአዌቱ ዳር ጎመን ሙከራውን ቢያልፍም ፍርዴ አይለወጥም።

በአንድ ጊዜ የሚሰጠው መጠን በ24 ሰዓት ውስጥ የሚያልቅ ይሁን፤ የተረፈው ይነሣ። የጅማ አየር እርጥብ ስለሆነ በተለይ በክረምት የተረፈ ቅጠል በአንድ ሌሊት ይሻግታል፣ በፉርሽካውም ውስጥ ጥቃቅን ቅንቅኖችን ያራባል።

ጥንቃቄው ሁሉ አልፎ በዋናው ሣጥን ውስጥ የመንቀጥቀጥ ምልክት ከታየ፣ ቅጠሉ ወዲያው ይውጣ፤ በሕይወት የቀሩትም ወደ ሌላ ንጹሕ ሣጥን ተዛውረው የሚታመን ካሮት ይሰጣቸው። ከዚያ ሣጥን የወጣ ፌንጣ፣ ጤነኛ ቢመስልም፣ ለእንስሳው አይሰጥ፤ ልጆቹ አድገው እስኪተኩ ድረስ ከሌላ ሣጥን መመገብ ነው። የሞቱት ደግሞ ለዶሮ አይበተኑ፣ በቆሻሻ ላይም አይጣሉ፤ ዶሮ ጭራ በማታወጣበት ጥልቀት ይቀበሩ።